ስኳር የሌለበት ክሬም ያለህ!

ቤቱ ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው ያለ ሁሉ ይህን እሮሮ ያውቀዋል። ልደት ሲደርስ፣ ምርቃት ሲደርስ እኛን የሚያስጨንቀን የእንግዳው ብዛት አይደለም፤ የበግ ዋጋም አይደለም። የኬክ ክሬም ነው። የኬኩን ሊጥ እንደምንም እንወጣዋለን፤ ዱቄቱን ቀንሰን፣ እንቁላሉንና የተፈጨውን ኦቾሎኒ አብዝተን፣ ቁራሹን አሳንሰን እናልፈዋለን። ክሬሙ ግን አያሳልፍም። ሻማ የሚተከልበት እሱ፣ ስም የሚጻፍበት እሱ፣ ፎቶ ላይ የሚታየው እሱ። ያለ ክሬም የቀረበ ኬክ ዳቦ ነው፤ ዳቦ ደግሞ ስኳር ያለባት እናታችን በየቀኑ እየመጠነች የምትበላው ነገር እንጂ በልደቷ ቀን የምትጓጓለት አይደለም።

«ታዲያ ድፎ አይደፋላትም?» የሚሉ አሉ። ድፎን እናከብራለን። ድፎም ግን ስንዴ ነው፤ ስኳሯን ከፍ ያደርገዋል። እሷም ድፎ አልጠየቀችም። የልጅ ልጆቿ ክሬም ሲልሱ እሷ ሻይዋን ይዛ ዳር እንዳትቀመጥ ነው የምንፈልገው። ይህችን ታህል ነው የምንፈልገው፤ ለዚህችም ነው አገር ምድሩን የምንዞረው።

ከኬክ ቤት እንጀምር። ባንኮኒው ጋ ቆመን እንጠይቃለን። «እህቴ፣ ስኳር የሌለው ቶርታ ትሠራላችሁ?» «እንሠራለን።» «ክሬሙስ?» «ክሬሙ ላይ ስኳር አንጨምርም።» ልጅቷ አልዋሸችም። አይጨምሩም። የማይጨምሩት ክሬሙ ከፋብሪካ ጣፍጦ ስለሚመጣ ነው። በየኬክ ቤቱ በማሽን የሚመታው ነጭ ክሬም ብዙ ጊዜ ከላም ወተት የወጣ አይደለም፤ ከአትክልት ዘይት የተሠራ፣ በካርቶን ወይም በዱቄት መልክ የሚመጣ፣ ስኳሩ አለዚያም የግሉኮስ ሽሮፑ አብሮት የተቀላቀለ ነው። ካርቶኑን አሳዩን ስንል ካርቶኑ ተጥሏል። ዱቄቱ ከከረጢቱ ወጥቶ ባልዲ ውስጥ ተገልብጧል፤ ባልዲው ላይ ደግሞ ምን ምን እንዳለበት የጻፈ የለም። ሠሪውን ጥሩልን ስንል ሠሪው የሚገባው ሌሊት ነው። ነገ ተመለሱ እንባላለን። ነገ ስንመለስ ሌላ ልጅ፣ ሌላ መልስ፤ «በጣም ትንሽ ነው የምናደርግበት።» ትንሽ ስንት ነው? አንድ ማንኪያ ነው? አንድ ኪሎ ነው? የሚነግረን የለም። ለሃምሳ ሰው በሚሠራ ቶርታ ትንሽ የሚባለው ስኳር ለአንዲት እናት የሌሊት ጣጣ ነው፤ ጥሙ፣ ሽንቱ፣ ጧት መለኪያው ላይ የሚወጣው ቁጥር።

ሌላው ቤት ደግሞ ፊቱ በርቶ «በማር እንሥራላችሁ» ይለናል።

ስለ ማር አንድ ጊዜ ተነጋግረን ብንጨርስ እንዴት ደስ ባለን። ማርን የሚጠላ የለም፤ ለጉሮሮውም ለጠጁም ክብር ይገባዋል። ግን ከመቶው እጅ 80 ያህሉ ስኳር ነው፤ የቀረው አብዛኛው ውኃ ነው። ንብ ስለሠራችው ግሉኮስነቱን አልተወም። ይህን ብንናገር የሚሰማን የለም። «ማር መድኃኒት ነው» ይሉናል። «ነጭ ማር ከሆነ ምንም አያደርግም» ይሉናል። «ቴምር ፈጭታችሁ አድርጉበት» ይሉናል፤ ደረቅ ቴምር ከ100 ግራሙ ከ60 ግራም በላይ ስኳር ነው። «የበሰለ ሙዝ» ይሉናል። «ቡናማው ስኳር ይሻላል» ይሉናል፤ ቡናማው ከነጩ የሚለየው ጥቂት ሞላሰስ ስላለበት ብቻ ነው። ማር ስኳር ነው። ቴምር ስኳር ነው። ቡናማው ስኳርም ስኳር ነው። ይህን የሚነግሩን ሰዎች ክፉ አይደሉም፤ የሚነግሩን በፍቅር ነው፤ ችግሩ እናታችንም እየሰማች ነው። መቶ ሰው አንድ አፍ ሆኖ «ማር አይጎዳም» ሲል የሰማች እናት የእኛን ክልከላ እንደ ክፋት ትቆጥረዋለች።

እሺ፣ እቤት እንሠራለን። እቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጠብቀናል፤ ክሬም ስኳርን የሚፈልገው ለጣዕሙ ብቻ አይደለምና። የተለመደው የቅቤ ክሬም አሠራር ለሩብ ኪሎ ቅቤ ግማሽ ኪሎ የዱቄት ስኳር ይላል። ከክሬሙ ሁለት ሦስተኛው ስኳር ነው ማለት ነው። ክሬሙን የሚያቆመው ስኳሩ ነው፤ የሚያነጣው ስኳሩ ነው፤ በላስቲክ ጫፍ ተጨምቆ አበባ ሲሆን እንዳይፈስ የሚይዘው ስኳሩ ነው። ስኳሩን አውጡት፤ ምን ቀረ? ቅቤ ቀረ። ቅቤ የተቀባ ኬክ ደግሞ እንኳን ሰው፣ የሠራነው እኛም አንበላውም።

መድኃኒት ቤት ሄደን የሻይ ማጣፈጫ እንገዛለን፤ በቀላሉ የሚገኘው እሱ ስለሆነ። እንክብሏ ትንሽ ናት፤ አንዷ ፍሬ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ትተካለች ይላል ማሸጊያው። የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። ግማሽ ኪሎ ስኳር ለመተካት 125 ፍሬ መሆኑ ነው። ፍሬዎቹ የተሠሩት በፈላ ሻይ ውስጥ እንዲሟሙ ነው፤ ቅቤ ውስጥ አይሟሙም። ወቅጠን ብንጨምራቸው አንዱ ጉርሻ ይመርራል፣ አንዱ ጉርሻ ምንም አይልም፣ አንዱ ጉርሻ ከመጠን በላይ ይጣፍጣል። በጥቂት ሙቅ ውኃ አሟሙተን ብንጨምር ቅቤና ውኃ ይለያያሉ። ጣዕሙን አገኘን እንበል፤ ክሬሙስ በምን ይቁም? ሱክራሎስ የሚባለው ማጣፈጫ ከስኳር 600 እጥፍ ያህል ይጣፍጣል። ግማሽ ኪሎ ስኳርን በጣዕም ለመተካት አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። የጎደለው 499 ግራም ከየት ይምጣ? የሚያናድደን ይኼ ነው። ሳካሪን የተባለው ማጣፈጫ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1879 ነው፤ ሱክራሎስ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ዓለም ያለ ስኳር ማጣፈጥን ከተማረ መቶ ዓመት አልፎታል፤ በሰፈራችን ሱቅ መደርደሪያ ላይ ግን ለቡናና ለሻይ እንጂ ለኬክ የሚሆን የለም። ስኳር ያለበት ሰው ሻይ ብቻ እየጠጣ የሚኖር ይመስላቸዋል።

«በወረቀት የሚሸጠው አለላችሁ» ይሉናል። አለ፤ ትንንሽ ወረቀት፣ በላዩ ላይ በትልቁ «ዜሮ» የተጻፈበት። ወረቀቱን አዙረን በደቃቁ የተጻፈውን በባትሪ ብርሃን ስናነብ የመጀመሪያው ስም ዴክስትሮስ ነው፤ አለዚያ ማልቶዴክስትሪን። ዴክስትሮስ ማለት ግሉኮስ ነው፤ ለሐኪሙ በየሦስት ወሩ የምንቆጥርለት ያው ግሉኮስ። ማልቶዴክስትሪን የስኳር ጣዕም የለውም፤ ደም ውስጥ ሲገባ ግን ከስኳር ያላነሰ ይፈጥናል። ታዲያ ዜሮ ያሰኘው ምንድን ነው? የአሜሪካን ሕግ ብንወስድ፣ በአንድ አወሳሰድ ከግማሽ ግራም በታች ስኳር ያለው ነገር «ስኳር የሌለው» ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል፤ ከ5 ካሎሪ በታች የሆነም ዜሮ ሊባል ይችላል። አንዷ ወረቀት አንድ ግራም ናት፤ ለአንድ ስኒ ሻይ ጉዳት የላትም። እኛ ግን ለክሬም ስልሳ ወረቀት ነው የምንቀደው። ስልሳ ወረቀት ወደ 60 ግራም የሚጠጋ ዴክስትሮስ ነው። ለስኒ እውነት የሆነው ለሳህን ውሸት ይሆናል፤ ይህን የሚያስታውስ ማስጠንቀቂያ ወረቀቷ ላይ የለም። የፋብሪካው ሰው አንድ መስመር ቢጨምር ምን ነበረበት? «ለመጋገሪያ አይሆንም» ብሎ ቢጽፍ ምን ይጎድልበት ነበር?

ከዚያ ወደ ውጭ አገር ዘመድ እንደውላለን። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ሰው ካለ ኤሪትሪቶል እንለምናለን፤ በኪሎ የሚሸጥ፣ እንደ ስኳር የሚሰፈር፣ የደም ስኳርን ከፍ የማያደርግ፣ አብዛኛው እንደገባ በሽንት የሚወጣ። ሻንጣው ተመዝኖ አልቋል ይባላል። የሌላ ሰው አደራ ቀድሞናል ይባላል። በስንት ምልጃ ይመጣል። ደስታችን ግን እስኪቀላቀል ድረስ ነው። ኤሪትሪቶል ከስኳር 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሚጣፍጥ ይጨመርበታል፤ ሲጨመርበት አፍ ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ ቅቤ ውስጥም ስለማይሟሟ ክሬሙ አሸዋ እንደገባበት ሽሮ ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል። ይፈጭ ይባላል። በምን ይፈጭ? ቤት ያለው መፍጫ የቡና ነው፤ ክሬሙ ቡና ቡና ይላል። ሌላው ያለው የቅመም መፍጫ ነው፤ ክሬሙ ኮረሪማና በርበሬ ይሸታል። ለዚህ ብቻ የሚሆን ሌላ መፍጫ ተገዝቶ፣ ደቆ፣ በጨርቅ ተነፍቶ ሲገባ ያምራል። በነጋታው ግን ፍሪጅ ውስጥ ያደረው ክሬም እንደገና ጨው ጨው የሚመስል ፍሬ ያወጣል። ስለዚህ በዕለቱ ተሠርቶ በዕለቱ መበላት አለበት።

ኤሪትሪቶል ብለን ብንልክም ሁልጊዜ ኤሪትሪቶል አይመጣም። ማልቲቶል ይመጣል፤ ማልቲቶል ከስኳር ይነስ እንጂ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ በርከት ሲል ደግሞ ሆድ ያስቀምጣል፤ እንግዳ ሁሉ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ይሰለፋል። ዛይሊቶልም ይመጣል፤ ለሰው አይከፋም፤ ውሻን ግን ይገድላል፤ ከሳህን የተረፈ ፍርፋሪ ለግቢ ውሻ በሚጣልበት ቤት ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ኃጢአት ነው። ላኪው ዘመዳችን ይህን ሁሉ ከየት ይወቅ? ማሸጊያዎቹ ሁሉ አረንጓዴ ናቸው፤ ሁሉም ላይ ቅጠል ተስሏል።

አሁን ደግሞ መብራት። ክሬም የሚመታው በሚክሰር ነው፤ ሚክሰሩ የሚሠራው በመብራት ነው፤ ክሬሙ የሚቀዘቅዘው በፍሪጅ ነው፤ ፍሪጁም የሚሠራው በመብራት ነው። መብራቱ ደግሞ ልደት ያውቃል መሰለን። ስኳር ያለበት ክሬም ትንሽ ይታገሣል፤ ስኳሩ ይደግፈዋል። የእኛ ክሬም ደጋፊ የለውም። ሰዓት ሳይሞላ ይላላል፣ ከዚያ ያልባል፣ ከዚያ ከኬኩ ጎን ይወርዳል።

ልደቱ በጾም ከዋለስ? ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ አለ፣ ነቢያት አለ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ። ቅቤ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፣ ስኳርም የለም። ኬክ ቤት «የጾም አለን» ይላል፤ «ስኳር የሌለው አለን» ይላል፤ ሁለቱን በአንድ ኬክ ላይ ስንጠይቅ እንደ ችግር ፈላጊ ነው የምንታየው። ስኳር ያለባት እናት መጾም አይገባትም እንዴ? ጿሚ እናትስ ስኳር አይይዛትም እንዴ? በዚህ አገር ስንቷ እናት ሁለቱንም ናት!

የሚሆን ነገር የለም ማለታችን አይደለም። አለ፤ የሚያንገበግበን መኖሩ ነው። እውነተኛው የላም ክሬም፣ ቅባቱ ከመቶ 30 እጅ በላይ የሆነው፣ በደንብ ቀዝቅዞ ከተመታ ያለ አንዲት ቅንጣት ስኳር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የሚያቆመው ቅባቱና አየሩ ነውና። ትንሽ ቫኒላ፣ ጥቂት ጠብታ ማጣፈጫ፣ አለቀ። ወተት በሞላበት አገር ግን ይህ ክሬም የሚገኘው በጥቂት ትልልቅ ሱቆች ነው፤ ያም ሲገኝ ቀኑ ተቃርቧል፤ ካልተቃረበ ቀዝቅዞ ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ ነው፣ አይመታም። አይብም ይሆናል፤ ውኃው በጨርቅ ተጠልሎ በመፍጫ ሲልም ነጭና ለስላሳ ይወጣዋል፣ ከክሬሙ ጋር ሲቀላቀል ማንም አይለየውም። ከገበያ የመጣው አይብ ግን ወይራ የታጠነ ዕቃ ውስጥ የኖረ ነው፤ ለክትፎ ያማረው ጢስ ለልደት ኬክ አይሆንም። ያልታጠነ የሚሸጥ ባለወተት ማግኘት ራሱን የቻለ ፍለጋ ነው። በጾም ጊዜ ደግሞ አቮካዶ አለ፤ ከስኳር አልባ የካካዎ ዱቄትና ከማጣፈጫው ጋር ሲመታ ጥቁርና ወፍራም ክሬም ይሆናል፤ ስኳሩ ከቁጥር አይገባም። አቮካዶው የበሰለ፣ ያልጠቆረና ክር የሌለው ሲገኝ ነው እንግዲህ። ካካዎውም «ለመጠጥ» የሚባለው እንዳይሆን ማየት ነው፤ እሱ ግማሹ ወይም ከዚያም በላይ ስኳር ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ክሬሙ ቆመ፣ ሻማው ተተከለ እንበል። አሁን ደግሞ ሰው አለ። አንዷ አክስት ከባለ ስኳሩ ኬክ ቆርጣ ትመጣለች፤ «በሞቴ አንድ ጊዜ ቅመሺልኝ!» እናታችን እንቢ ትላለች። «አፈር ስሆን! የዛሬን ብቻ! አንድ ቀን ምን አለበት?» አንድ ቀን ለአክስታችን ነው አንድ ቀን የሆነው። ለእናታችን ትናንት የጎረቤት ክርስትና ነበር፣ ባለፈው ሳምንት ሰርግ ነበር፣ ከነገ ወዲያ ማኅበር አለ፤ በየቤቱም «በሞቴ» የሚል አለ። እንቢ ብትል ሰው ተቀየመ፤ እሺ ብትል ስኳሯ ተነሣ። ሌላው እንግዳ ደግሞ የሠራነውን ክሬም አይቶ «ማጣፈጫ እኮ ተከልክሏል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ተናግሯል» ይላል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ምክር ክብደት ለመቆጣጠር ብላችሁ አትመኩበት የሚል ነበር፤ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች እንደማይመለከት ምክሩ ላይ ተጽፏል። ግማሹን ወሬ ይዞ የመጣ ሰው ሙሉውን ሳህን ከእናታችን ፊት ሊያነሣ ይቃጣዋል።

እነዚሁ ሰዎች ደግሞ ስኳሯ የወረደ ቀን፣ ላብ ሲያሰምጣትና እጇ ሲንቀጠቀጥ፣ «ስኳር አትስጧት፣ ስኳር አለባት!» ብለው ይጮኻሉ። ያን ጊዜ ነው ስኳር የሚያስፈልጋት! ከ70 በታች ሲወርድ 15 ግራም ያህል እውነተኛ ስኳር፣ በውኃ ወይም በለስላሳ፣ ወዲያውኑ። ስኳር የሌለው ለስላሳ ያን ቀን አይረዳትም፤ የእኛም ክሬም አይረዳትም። ይህን እየዞርን ለሁሉም መንገር ሰልችቶናል፤ ሆኖም እንነግራለን፣ ሕይወቷ ነውና።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የመጨረሻው ነው። ሁለት ኬክ ጎን ለጎን ይቀርባል፤ አንዱ የሁሉም፣ አንዱ የእናታችን። እንግዳው ይመጣል፣ ያያል፣ «ይኼኛው ስኳር የለውም? ውይ፣ እኔም እየቀነስኩ ነው፣ ከዚህ ቁረጡልኝ» ይላል። ቀጥሎ ያለውም ይላል። ጤና ጥበቃ በአንድ ጊዜ ሁሉም ላይ ይወርድና፣ ያ ከየሱቁ የተለቀመ፣ በሻንጣ የመጣ፣ በጨርቅ የተነፋ፣ መብራት እየተጠበቀ የተመታ ክሬም ጠረጴዛው ላይ ያልቃል። እናታችን ደግሞ ሰው እስኪበላ ጠብቃ፣ አስተናግዳ፣ በመጨረሻ ስትመጣ የቀረው ባለ ስኳሩ ነው። «ግድ የለም፣ ይብሉ» ትላለች። እኛ ግን ግድ አለን። ከአሁን በኋላ የእሷ ኬክ አስቀድሞ ይቆረጥላታል፤ ቀድማ ትበላለች፣ የተረፈውም ተሸፍኖ ለነገዋ ይቀመጣል። ከእሱ ቁረጡልኝ የሚል እንግዳ ካለ ከባለ ስኳሩ ይቆረጥለታል፤ ማኩረፍ ከፈለገም ያኩርፍ።